ምርት፣ ምርታማነት፣ የማምረት አቅም፦ ለአንዲት ባልትና አዘጋጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ትንሽ የባልትና ሥራ አለኝ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ለሱቆች አስረክባለሁ። ብድር ለመጠየቅ ቅጽ ስሞላ ‹የማምረት አቅም›፣ ‹ዓመታዊ ምርት›፣ ‹ምርታማነት›፣ ‹የምርት ወጪ› የሚሉ ቦታዎች አሉት። ለእኔ ሁሉም አንድ መሰለኝ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ምርት ሲል እህል ማለቱ ነው። ዜናው ደግሞ የሀገር ምርት አደገ ይላል፤ ገበያ ስወጣ የሚታየኝ ግን የዋጋ ጭማሪ ነው። ለመሆኑ ምርት ማለት በትክክል ምንድን ነው? ቅጹስ ላይ ምን ልጻፍ?»

አንድ አይደሉም። ቅጹን በግምት ከመሙላትዎ በፊት መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ቦታዎች አንድ ቁጥር እየደጋገመ ይሞላቸዋል። ከዚያ ወይ ብድሩ ይከለከላል፣ ወይ ደግሞ ከሚችለው በላይ ይበደርና ዕዳው ያንገላታዋል። እኔ የግብርና ኢኮኖሚስት ነኝ። ሥራዬ ከገበሬዎችና ከትናንሽ አምራቾች ጋር ስለሆነ ይህ መደባለቅ ስንት ሰው እንደሚጎዳ በቅርብ አውቃለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከአባትዎ ልጀምር። የእሳቸው አነጋገር ከሁላችንም ይልቅ ጥንቁቅ ነው። እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ሰብል ይሉታል። ሲያሸትና ሲያምር አዝመራው ሰመረ ይላሉ። ታጭዶ ሲታሰር ነዶ ነው፤ ሲቆለል ክምር ነው። ክምሩ አውድማ ላይ ይዘረጋና በሬ ያበራየዋል። ከዚያ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየተወረወረ ለነፋስ ይሰጣል። ገለባው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ እብቁ ይበናል፤ ግርዱ ይለያል። መሐል ላይ ተከምሮ የሚቀረው ንጹሕ እህል፣ እሱ ነው ምርት። «ምርቱን ከግርዱ መለየት» የምንለውም ከዚያው ከአውድማ የመጣ ነው።

ልብ ይበሉ፤ አባትዎ ማሳውን እያዩ «ይህን ያህል ምርት አለኝ» አይሉም። ገና ዝናብ አለ፣ በረዶ አለ፣ ወፍ አለ። ምርት የሚሉት የማይፈለገው ሁሉ ወጥቶ፣ የቀረው ተሰፍሮ ሲታወቅ ነው። ይህን አሳብ ይያዙልኝ። የባንኩ ቅጽም፣ የሀገሪቱ ሒሳብም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሰው «ምርቱ ይህን ያህል ነው» ሲልዎ ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ የት ላይ ተለካ? ምን ምን ተቀነሰለት?

የሀገሪቱ የእህል ምርት እንዴት እንደሚለካ ቢያውቁ ዜናውን የሚሰሙበት ጆሮ ይቀየራል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የምንለው፣ በየዓመቱ የግብርና ናሙና ጥናት ያካሂዳል። ሁሉንም ማሳ መዞር ስለማይቻል ቀበሌዎች፣ አባወራዎችና ማሳዎች በናሙና ይመረጣሉ። ከተመረጠው ማሳ ላይ በዕጣ አንድ ቦታ ይወሰዳል፤ 4 ሜትር በ4 ሜትር። የዚያ ቦታ ሰብል ለብቻው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። 16 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ እንዲህ ዓይነት 625 ቦታ ይይዛል። ከዚያች ቦታ 2.8 ኪሎ ጤፍ ከተገኘ በሄክታር 1,750 ኪሎ፣ ማለትም 17 ኩንታል ተኩል ይሆናል።

አሁን ሚዛኑ ላይ 200 ግራም ተሳሳተ እንበል። በሄክታር ሲባዛ 125 ኪሎ ነው። ጤፉ በደንብ ሳይደርቅ ቢመዘንም ውኃው እንደ እህል ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሚዛን የያዘችውን ባለሙያ የማከብራት። ወርቃማ ሪፖርት ቢጻፍ፣ የሪፖርቱ ጥራት የሚወሰነው ማሳው ዳር ላይ በእሷ ጥንቃቄ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከአጨዳ በፊት የሚነገር ቁጥር ትንበያ ነው። «በዘንድሮው የምርት ዘመን ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ይጠበቃል» ሲባል የተቆጠረው የቆመ ሰብል ነው። በአባትዎ አነጋገር ገና ሰብል ነው፤ ምርት አልሆነም። ከአውድማ በኋላም ቢሆን ጉዞው አያበቃም። ነቀዝ አለ፣ አይጥ አለ፣ ሻጋታ አለ። በተለይ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ጥቂት ወራት ከቆየ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። አየር የማያስገቡት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢቶች በብዙ ቦታ የተወደዱት ለዚህ ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። አውድማ ላይ 20 ኩንታል የተለካ ምርት ገበያ ሲደርስ 20 ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። የተለኩበት ቦታ ግን ይለያያል።

ወደ ምርታማነት ልለፍ።

ምርት ጠቅላላው ነው፤ ምርታማነት ደግሞ ያ ምርት ከወጣበት ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። በሄክታር ስንት? በአንድ ሠራተኛ ስንት? በአንድ ኪሎ ማዳበሪያ ስንት? «በ» የሌለው ምርታማነት የለም። ቅጹ «ምርታማነት» ብሎ ዝም ካለ፣ እርስዎ «በአንድ ሠራተኛ በወር» ብለው ይጻፉበት።

የሀገራችን ጤፍ በአማካይ በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች ነው የሚሰጠው። ስንዴ ወደ 30 ኩንታል፣ በቆሎ 40 ኩንታል አካባቢ ይደርሳል። የአንድ ወረዳ ጤፍ ምርት በሁለት መንገድ ሊያድግ ይችላል። አንደኛው ተጨማሪ መሬት ማረስ ነው፤ የግጦሹን፣ የዳገቱን፣ የደኑን ጫፍ። ያኔ ምርት ጨመረ፤ ምርታማነት ግን ባለበት ነው፣ ምናልባትም ወርዷል፤ ምክንያቱም አዲስ የሚታረሰው መሬት ብዙ ጊዜ ደካማው ነው። ሁለተኛው ከዚያው መሬት የበለጠ ማግኘት ነው። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቁንጮ» የተባለ የጤፍ ዝርያ የታሰበው ለዚህ ነበር። ነጭ ነው፣ ገበያ ይወደዋል፣ ምርቱም ይሻላል፤ ስለዚህ በፍጥነት ተስፋፋ። መሬት ለጠበበባት ሀገር መንገዱ ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ዳገት እየቆፈሩ የሚገኝ የምርት ጭማሪ ከልጆቻችን የተወሰደ ብድር ነው።

ግን ምርታማነትም በየትኛው በኩል እንደታየ መጠየቅ አለበት። ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ በሰፊው ተካሂዶ ነበር። በብተና ሲዘራ በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ዘር ይፈጃል። በመስመር ሲሆን በብዙ ያነሰ ይበቃዋል፤ አገዳው ይጠነክራል፣ ዛላው ይረዝማል። በሄክታር ሲታይ ጥሩ ነው። ሆኖም የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ናት። በእጅ በመስመር ማውረድ ጎንበስ ብሎ የሚያውል፣ ብዙ ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለሚሠራው ሥራ ሲካፈል ውጤቱ ያን ያህል አልነበረም። የጉልበት እጥረት ያለበት ቤት ወደ ብተና የተመለሰው ባለማወቅ አልነበረም። ሒሳቡን በጉልበቱ በኩል ስለሠራው ነው። ባለሙያዎች መሬቱን ስንቆጥር ገበሬው ወገቡን ይቆጥራል፤ ሁለቱም ምርታማነት ነው።

አሁን የእርስዎን ቅጽ እንሙላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ በቦታቸው የራስዎን ይተኩ።

አራት ሠራተኞች አሉዎት እንበል። በርበሬ ይለቅማሉ፣ ይቀነጥሳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ያምሳሉ። ወፍጮዎ በሰዓት 50 ኪሎ ይፈጫል። ብዙ ሰው «የማምረት አቅም» የሚለው ላይ ወዲያው የወፍጮውን ይጽፋል። በሰዓት 50 ኪሎ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን፤ 100 ኩንታል። ይህ የወፍጮው አቅም ነው፤ የቤትዎ አቅም አይደለም። ወፍጮው 100 ኩንታል ቢፈጭም ተለቅሞ የሚቀርብለት ከሌለ ባዶውን ይጮሃል። አራቱ ሴቶች በቀን ለቅመው የሚጨርሱት ተፈጭቶ፣ ከነኮረሪማው፣ ከነዝንጅብሉ፣ ከነነጭ ሽንኩርቱ፣ ከነጨው 100 ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ የሚወጣው ከሆነ፣ የወር አቅምዎ 25 ኩንታል ነው። አቅም የሚለካው ከሁሉ ዘገምተኛ በሆነው የሥራ ደረጃ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ቢወስዱ እንኳ እኔ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ «ዓመታዊ ምርት» ይላል። ይህ በእርግጥ የወጣው ነው። ደህና በሆነ ወር 20 ኩንታል ታወጣላችሁ፤ መብራት ይጠፋል፣ አንዷ ትታመማለች፣ የለቅሶ ቀን አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ፀሐይ የለም፣ በርበሬው አይደርቅም፤ ለሦስት ወር 10፣ 10 ኩንታል ብቻ። ዘጠኝ ወር በ20 ሲባዛ 180፣ ሦስት ወር በ10 ሲባዛ 30። ዓመታዊ ምርትዎ 210 ኩንታል ነው። ዓመታዊ አቅምዎ 300 ስለሆነ 70 በመቶውን እየተጠቀሙ ነው ማለት ነው።

ይህ 70 በመቶ ለባንክ ባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። «ሁለተኛ ወፍጮ ልግዛ» ብለው ብድር ቢጠይቁ «የመጀመሪያውስ መች ጠገበ?» ይልዎታል፤ ትክክል ነው። «ለክረምት የሚሆን ማድረቂያ ልሥራ» ካሉት ግን ሒሳቡ ራሱ ይደግፍዎታል፤ ከጎደለው ምርት ግማሹ ያለው እዚያ ነውና። የሀገራችን ፋብሪካዎችም በሽታ ይኸው ነው። መሣሪያው ተተክሏል፤ ጥሬ ዕቃ፣ መለዋወጫ፣ የውጭ ምንዛሪ ወይም መብራት ሲጎድል ከአቅም በታች ይሠራሉ። በ2014 ዓ.ም የተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ የአቅም አጠቃቀም ነው።

ምርታማነት ላይ ስንመጣ፣ በደህና ወር 20 ኩንታል ለአራት ሰው፤ በሰው 5 ኩንታል። ሁለት ሠራተኛ ጨመሩ እንበል። አሁን የሚያንሰው የማድረቂያው ቦታ ሆነና ምርቱ ወደ 24 ብቻ ከፍ አለ። ምርት አድጓል። በሰው ሲካፈል ግን 4 ኩንታል ነው፤ ምርታማነት ወርዷል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ወር ውስጥ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ። ለዚህ ነው ቅጹ ለየብቻ የሚጠይቅዎ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተመረተና የተሸጠ አይደባለቁብዎ። 20 አውጥተው 15 ከሸጡ ምርትዎ 20 ነው፤ ሽያጭዎ 15፤ አምስቱ ክምችት ነው። ብድር የሚከፈለው ከሽያጭ ነው። መጋዘን የሞላ ምርት ይዘው ወርሃዊ ክፍያ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ለሱቅ በዱቤ ያስረከቡትም ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

«የምርት ወጪ» ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የራሱን ጉልበት ነው። እርስዎ ከንጋት እስከ ማታ ቆመው እየሠሩ ለራስዎ ደሞዝ ካልጻፉ ትርፉ ያለ አግባብ ይገዝፋል። እርስዎ ቢታመሙ በቦታዎ ለሚቀጠር ሰው ስንት ይከፍላሉ? ያንን ይጻፉ። ወፍጮው በየዓመቱ የሚያረጀውንም ይጻፉ። ብክነቱንም አይርሱ፤ ከገዙት በርበሬ ውስጥ አውራው (ቀለሙ የነጣው)፣ የበሰበሰውና የሻገተው ተመዝኖ ተከፍሎበታል። እርጥብ በርበሬ ከገዙ ውኃ እየገዙ ነው። ከዚያም በላይ እርጥበቱ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያመጣል፤ ይህ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ጤና ጉዳይ ነው። እርጥቡን በርካሽ አይውሰዱ።

ሲጥሉት የኖሩት ነገር ደግሞ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ተረፈ ምርት የምንለው ማለት ነው። የዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ የዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ ለከብት መኖ ይሸጣሉ። ከስኳር የሚተርፈው ሞላሰስ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ላይ ኢታኖል ይሆናል። የጤፍ ጭድም ለበሬ ምግብ፣ ለግድግዳ ጭቃ ማጠንከሪያ ነው። ገበሬው ዝርያ ሲመርጥ ፍሬውን ብቻ አያይም፤ ጭዱንም ያያል። ፍሬ በዝቶለት ጭድ ያነሰበት ዝርያ ከብት ላለው ቤት ላይጥም ይችላል።

አሁን ወደ ዜናው። «አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት» የሚባለው፣ በተለምዶ ጂዲፒ፣ የኩንታል ድምር አይደለም። ጤፍን ከሲሚንቶና ከስልክ አገልግሎት ጋር በኩንታል መደመር አይቻልምና በብር ይቆጠራል። ዋናው ብልሃት ግን መቀነሱ ላይ ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ስንዴ በ5,000 ብር ሸጠ እንበል። ፋብሪካው ዱቄቱን በ7,000 ሸጠ። ዳቦ ቤቱ ዳቦውን በ10,000። ሦስቱን ብንደምር 22,000 ይመጣል፤ ግን ስንዴው ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የገዛው ይቀነስበታል። ገበሬው 5,000፣ ፋብሪካው 2,000፣ ዳቦ ቤቱ 3,000 ጨመሩ፤ ድምሩ 10,000። ይህ የተጨመረ እሴት ይባላል። አውድማ ላይ ገለባው እንደሚለይ ሁሉ እዚህም ከሌላ የተገዛው ይለያል፤ የቀረው ነው የእርስዎ ምርት።

የእርስዎ ቤት በወር 1,000,000 ብር ቢሸጥ፣ ለበርበሬ፣ ለቅመም፣ ለላስቲክ፣ ለመብራት፣ ለቤት ኪራይና ለመጓጓዣ 700,000 ከወጣ፣ ለሀገር ምርት ያበረከቱት 300,000 ነው። ልብ ይበሉ፤ የሠራተኛ ደሞዝ ከዚህ ላይ አይቀነስም። ደሞዙ፣ የባንክ ወለዱ፣ የእርስዎ ትርፍ፣ ሁሉም ከዚያ ከ300,000 ውስጥ የሚካፈሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ድርጅት ትርፉ ትንሽ ሆኖ ለሀገር የሚያበረክተው ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ቀጥሮ የሚያኖር ከሆነ።

በዚህ ሒሳብ አገልግሎትም ምርት ነው። ጸጉር የምትሠራ ልጅ «ዛሬ አምስት ራስ አመረትኩ» አትልም፤ አማርኛችን «ምርትና አገልግሎት» ብሎ ይለያቸዋል። የሀገር ሒሳብ ግን ሁለቱንም በአንድ ማኅደር ያስገባል።

እዚህ ላይ ብዙም የማይወራ፣ እኔ ግን ዝም ልለው የማልችል ነገር አለ። ሀገሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ መመሪያ በምርትና ምርት ባልሆነ መካከል አጥር አቁሟል። ገበሬው ለቤቱ ያስቀረው እህል፣ ባይሸጥም፣ ይቆጠራል። ለቤት የተሸመነ ጋቢ፣ የተሰፋ ሰፌድ፣ መጠኑ ጉልህ ከሆነ ከምንጭ የተቀዳ ውኃና የተለቀመ እንጨት ሳይቀር በመመሪያው መሠረት ምርት ናቸው። እንጀራ ጋግሮ ቤተሰብን ማብላት፣ ልጅ ማሳደግ፣ ልብስ ማጠብ፣ የታመመ ማስታመም ግን ከአጥሩ ውጪ ናቸው። በርበሬ አድርቆ መፍጨት በመርህ ደረጃ ይገባል፤ በዚያው በርበሬ ለልጆች ወጥ መሥራት አይገባም። ደሞዝ የምትቀበል የቤት ሠራተኛ የሠራችው ያው ወጥ ግን ይቆጠራል። እናት ስትሠራው የለም፤ ተቀጣሪ ስትሠራው አለ።

ለዚህ የሚሰጥ ምክንያት አለ። ገበያ ላይ ያልወጣን አገልግሎት በብር መተመን ከባድ ነው፤ ቢካተት ደግሞ ሁሉም ሰው ሠራተኛ ሊባል ነው፣ የሥራ አጥ ቁጥርም ትርጉም ያጣል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም የሚሊዮን ሴቶች የሌሊትና የቀን ሥራ ከሀገር ምርት ውጪ ተጽፎ፣ ከዚያ በዚያው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ በጀት ሲመደብ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የብሔራዊ ገቢን ሒሳብ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኮንግረስ ያቀረበው የኢኮኖሚ ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ላይ ማንበብ እንደማይቻል በዚያው ሪፖርት አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከተጻፈ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ቁጥሩን ግን አሁንም ለዚያው እንጠቀምበታለን።

ታዲያ ምርት አድጎ ዋጋ ለምን ይወደዳል? በመጀመሪያ፣ እድገቱ ሲነገር የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት ነው፤ በቋሚ ዋጋ ይባላል። ስለዚህ ምርት ማደጉና ዋጋ መናሩ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። ሁለተኛ፣ የሕዝባችን ቁጥር በየዓመቱ ከ2 በመቶ በላይ ይጨምራል። ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል እድገቱ ቀጠን ይላል። ሦስተኛ፣ ምን አደገ? ግንባታና ንግድ አድገው በርበሬ ላያድግ ይችላል፤ እርስዎ ግን ገበያ የሚወጡት ሲሚንቶ ፍለጋ አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ምርት በዝቶ አምራቹን የጎዳበት። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ገበሬውም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ወስዶ በርትቷል። በቆሎ ተትረፈረፈ። መንገድ፣ መጋዘንና ገዢ ግን በዚያው ልክ አልነበረም። ትርፍ ምርት ባለባቸው አካባቢዎች ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ አንዳንድ ቦታ የማጨጃና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ መሸፈን አቃተው። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልወደቀም። በቀጣዩ ወቅት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያውን ቀነሰ። ከዚያ ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከተትረፈረፈ በቆሎ እስከ ረኃብ ሁለት ዓመት አልሞላም። ከዚህ በኋላ «ምርት ይጨምር» የሚል እቅድ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው መጋዘኑን፣ መንገዱንና ገዢውን ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመበት ምክንያትም ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። እዚያ ምርት ሲባል በደረጃና በመጠን ተለይቶ መጋዘን የገባ ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ ማለት ነው። ገዢው የማን ማሳ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ደረጃው ከታወቀ ይበቃዋል። የእርስዎ በርበሬ ግን የተለየ ነው። ደንበኛ የእርስዎን እጅ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በርካሽ ብዙ ማውጣት ከሚለው ይልቅ ሳይዛነፍ አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት ለእርስዎ ይበልጣል።

በመጨረሻ፣ ያልጠየቁኝ ግን መምጣቱ የማይቀር ነገር። ማሸጊያው ላይ «የተመረተበት ቀን» ብለው ይጽፋሉ። የትኛውን ቀን? በርበሬው የተገዛበትን፣ የደረቀበትን ወይስ የታሸገበትን? የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ የተመረተበት ቀን የሚለው ምግቡ በስሙ የሚጠራውን ነገር የሆነበትን ቀን ነው። የእርስዎ በርበሬ ከቅመሙ ጋር ተዋሕዶ፣ ተፈጭቶ የተዘጋጀ በርበሬ የሆነበት ቀን ማለት ነው። በርሜል ውስጥ ሦስት ወር ቆይቶ ዛሬ ቢታሸግ የዛሬው የታሸገበት ቀን ነው፤ የተመረተበት አይሆንም። ለእያንዳንዱ ፍጭት ቁጥር ይስጡት፤ ከየት ተገዛ፣ ማን ለቀመው፣ መቼ ተፈጨ የሚለውን በአንድ ደብተር ይያዙ። አንድ ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ የትኛው ፍጭት እንደሆነ ወዲያው ያገኙታል። ዓመታዊ ምርትዎንም በሚቀጥለው ቅጽ ላይ ከዚያው ደብተር ደምረው ይጽፉታል።